ያልተጠለለ እንጆሪ

ውድነሽ የሕፃኑን ጨርቅ ፈትታ ስታየው እጇ እዚያው ደረቀ።

የሰባት ወሩ ገብረ መድህን ያሳለፈው ሰገራ ጥቁር ነበር። ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን አቀረበችው። ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ዳር ዳሩ፣ ጨርቁ እርጥበቱን የመጠጠበት ቦታ፣ ወደ ቀይ ይስባል፤ የቆየ ደም ይመስላል። ሕፃኑ እግሮቹን እያወራጨ ጣራ ጣራውን ያያል። ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው፤ ደረቅ፣ አጭር ሳል፣ ሁለት ጊዜ። ውድነሽ ሳሉን ስትሰማ ጨርቁን ጠቅልላ ከመደቡ ሥር ወሸቀችው።

ቤታቸው ከአሰላ ከተማ በላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። ኅዳር 1952 ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል። ባሏ ወልደጻድቅ ገብስ ጭኖ ወደ ሁሩታ ገበያ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው፤ ከነገ በፊት አይመለስም። ቢኖርም ለውጥ የለውም። በልጅ ነገር በዚያ ቤት የሚሰማው የእናቱ የእሜቴ የሺሃረግ ቃል ነው። እሜቴ የሺሃረግ ስምንት ወልደው ስድስት አሳድገዋል፤ ማን ይከራከራቸዋል። ውድነሽ ግን ሁለት ወልዳ አንዱን ቀብራለች።

የሞተው ኃይለመስቀል ይባል ነበር። በስምንት ወሩ ሳል ያዘው። አማቷ አፉን በጣታቸው ከፍተው አዩና እንጥሉ ወርዷል አሉ። እንጥሉ የወረደ ልጅ ይቆረጣል፤ ያገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ውድነሽ ራሷም በሕፃንነቷ ተቆርጣለች። ከታች ሰፈር ያለው ገበሬ አሰግድ መጥቶ በፈረስ ጭራ ቆረጠለት። ደሙ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞተ። ቀኑ ደርሶ ነው ተባለ፤ ውድነሽም ከሰዎቹ ጋር ቀኑ ደርሶ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ግን የፈረስ ጭራ ማየት አትችልም። ወደ አሰላ ስትወርድ ጋሪ ካለፈ ፊቷን ወደ አጥር ታዞራለች።

በገብረ መድህን የመጣው ፈተና ደግሞ ምግብ ነበር። ከስድስተኛው ወሩ ጀምሮ ጡቷ እየነጠፈ ሄደ። የገብስ አጥሚት አቀመሱት፤ ተፋው። የላም ወተት ሰጡት፤ ተፋው። እሜቴ የሺሃረግ እግራቸውን ዘርግተው ልጁን ጉልበታቸው ላይ ያንጋልሉትና፣ ግራ እጃቸውን አፉ ዙሪያ ጎድጎድ አድርገው አጥሚቱን ያፈሱበታል። ልጁ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። ሲጋት ዓይኖቹ እናቱን ይፈልጋሉ። እናቱ ያን ጊዜ አንዳች ነገር እንደረሳ ሰው ወደ ጓዳ ትገባለች።

ጎረቤቷ ሀሊሜ ይህን አንድ ሁለት ጊዜ አይታለች። ከሦስት ቀን በፊት ከወንዙ ዳር የለቀመችውን ጥቁር እንጆሪ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በአጥር በኩል አቀበለቻት። ሀሊሜ በኦሮምኛ ጎራ ነው የምትለው። አምስቱም ልጆቿ ከጡት ቀጥሎ የቀመሱት እሱን እንደሆነ አጫወተቻት፤ አሠራሩንም ነገረቻት። ለስላሳውንና ጠቆር ያለውን ብቻ መምረጥ፤ ቀይ የቀረበትን መተው። በውሃ ማለቅለቅ፣ ጭራውን መንቀል፣ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ጣባ ውስጥ መዳመጥ። ከዚያ በስስ ጨርቅ ማጥለል፤ ከጣት ጫፍ ማቅመስ።

“ማጥለሉን እንዳትረሺ” አለቻት ሀሊሜ። “ዘሩ ለእኛ ምንም አይደለም። ለሱ ጉሮሮ ግን ጠጠር ነው።”

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚታይ አልነገረቻትም። አምስት ልጅ ላጠበች ሴት የሰገራ መጥቆር ነገሬ የሚባል አልነበረም።

እሜቴ የሺሃረግ ግን የዱር ፍሬ ደጃቸውን አያስረግጡም። እንጆሪ በሰለ ማለት እባብ ሥሩ አደረ ማለት ነው፤ እያደረም ይልሰዋል ይላሉ። ውድነሽ ይህን አታምንም ነበር። ባታምንም አፏን ሞልታ ሐሰት ነው አትልም። ስለዚህ ነገሩ በድብቅ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ያማረ ነበር። አማቷ አውድማ ወርደው ሳለ፣ ከአሮጌ ሻሿ በቀደደችው ጨርቅ አጥልላ፣ ወይን ጠጅ የመሰለውን ጭማቂ በጣቷ ጫፍ ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። ፊቱን አጨማደደ። አንገቱን ነቀነቀ። ደግሞ ቆም አለና ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ፤ ከዚያም ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያንጋልለው፣ አፉን ራሱ ከፈተ። ውድነሽ ባዶ ጣቷን እስኪጠባ ድረስ ሰጠችው።

በሁለተኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ እንጆሪውን ዳምጣ ጨርቁን ልታነሳ ስትል የአማቷ ምርኩዝ ከግቢው ድንጋይ ላይ ተሰማ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ማጥለያ ጊዜ አልነበረም። ከነዘሩ፣ ከነገለባው፣ በጥድፊያ ሦስት ጊዜ አጎረሰችው። በሦስተኛው ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ገልብጣ ጀርባውን ስትመታው ትንፋሹ ተመለሰ። ሳሉ ግን አልለቀቀውም። አማቷ ሲገቡ የሰሙት ሳሉን ነው። በጣታቸው አፉን ከፍተው አዩና እስከ ነገ እንየው ብለው ዝም አሉ። ውድነሽ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች።

እና አሁን ነገ ሆኗል።

“ጨርቁን አምጪው” አሉ እሜቴ የሺሃረግ ከደጅ እንደገቡ።

ውድነሽ የትኛውን ብላ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን ጎንበስ ብላ ከመደቡ ሥር አወጣችው። አማቷ ገልጠው አዩ፤ በአውራ ጣታቸው ዳሩን ነኩት፤ አሸተቱት። ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨከነም፤ እንዲያውም የራራ ነበር። እንጥሉ ወርዶ ቆስሏል፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ደሙን እየዋጠ አድሯል፣ ያ የተዋጠው ደም ነው ጠቁሮ የወጣው አሉ። ያስደነገጣት ነገሩ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነበር። ሳሉም፣ ጥቁሩም፣ ቀዩም በአንድ ክር ተሰፋ።

“አሰግድን ልጥራው” አሉ። ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ።

አሰግድ የሚወቃበት አውድማ ሩቅ አይደለም። ሄዶ ለመመለስ አንድ እንስራ ውሃ ከምንጭ የማምጣት ያህል ነው። ውድነሽ ልጁን አቅፋ ወደ አጥሩ ሮጠች፤ ሀሊሜን ጠራች። በሩ ተዘግቷል። ለካ የአሰላ ገበያ ቀን ነው። ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ብትናገር፣ በእባብ የተላሰ ፍሬ በድብቅ ያበላች እናት ትባላለች፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ገዳዩ እሷ ናት። ምናልባት እውነትም መርዝ አብልታው እንደሆነስ? ዝም ብትል ግን የፈረስ ጭራው በመንገድ ላይ ነው። የልጁን አፍ አሸተተች። ወተት ወተት ይላል። ቆዳው አይሞቅም። ከፈገግታው በቀር የምትጠይቀው ምስክር አልነበራትም።

አሰግድ ገለባ ፀጉሩ ላይ እንደተበተነ ገባ። ደግ ሰው ነው፤ ለዚህ ሥራ ከጨው በቀር ከማንም ምንም አይቀበልም። ሕፃኑን አየና፣ ይህ ጎረምሳ ገና ጥርስ ሳያበቅል እንደ ሽማግሌ ሳል ጀመረ እንዴ ብሎ ቀለደ። ለብ ያለ ውሃና ቅቤ ጠየቀ። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ፈታው። ረጅም፣ ነጭ፣ አንድ ቀጭን ጭራ ነበር። በጣቶቹ መካከል ወጠረውና ጥንካሬውን ሞከረ። ድምፅ አወጣ፤ ትንሽ፣ እንደ ክራር ክር።

“ስጪኝ፤ እኔ ልያዘው” አሉ እሜቴ የሺሃረግ እጃቸውን ዘርግተው። ኃይለመስቀልንም የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ውድነሽ አልሰጠችም።

“እንጆሪ አብልቼዋለሁ” አለች።

ልጁ ሳለ።

“ሁለት ቀን አበላሁት፣ እሜቴ። ጥቁሩ ከዚያ ነው። ደም አይደለም።”

አማቷ እጃቸውን አላጠፉም። መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እባብ የላሰውን ነው ብለው ጠየቁ። መልስም አልጠበቁ። እንግዲያውማ ይብሳል፣ መርዙ ጉሮሮው ላይ ሳለ ይቆረጥና ከደሙ ጋር ይውጣ፣ አሰግድ ምን ትጠብቃለህ አሉ። አሰግድ ጭራውን እንደወጠረ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ አያቲቱን ያያል። እጁ ወደ አያቲቱ ያደላ ነበር።

ያን ጊዜ ውድነሽ ልጁን በአንድ ክንዷ እንደታቀፈች ጨርቁን አነሳች። ከጓዳ ነጩን የብረት ሣህን አመጣች። መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ጨርቁን ዘርግታ፣ ለብ ካለው ውሃ በቅል ቀድታ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። ምን እንደምታገኝ አታውቅም። ደም ቢሆን ምን እንደምታደርግ አላሰበችም። ልጁ ክንዷ ላይ ስለሚወራጭ ውሃው ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ሣህኑ ውስጥ የወረደው ውሃ ወይን ጠጅ ሆነ። ደግማ አፈሰሰች። ውሃው ሲረጋ ከነጩ ሣህን ሥር ጥቃቅን ነገሮች ተኙ፤ ከጤፍ ከፍ ያሉ፣ ቢጫማ፣ ብዙ።

“አያ አሰግድ፣ እስቲ እየው።”

አሰግድ ጭራውን በጥርሱ ነክሶ ተንበረከከ። አንዱን በጣቱ ጫፍ አወጣ፣ ጥፍሩ ላይ አድርጎ በሌላው ጥፍር ጫነው። ቀጭ አለ። ደግሞ ሌላውን። ከዚያ ጭራውን ከአፉ አወጣ።

“እሜቴ፣ ይህ የእንጆሪ ዘር ነው” አለ። “እኔ ራሴ ስንቱን ቀን ከጥርሴ መሀል በእሾህ ስፈነቅለው የኖርኩት ነው። ደም ውስጥ ዘር ከየት ይመጣል?”

“ሳሉስ?” አሉ እሜቴ የሺሃረግ።

“አላጠለልኩትም” አለች ውድነሽ። “ማጥለል ነበረብኝ። እርስዎ ሲመጡ ሰማሁና ፈራሁ። ከነዘሩ አጎረስኩት፤ ትን አለው።”

አሰግድ ልጁን ወደ በሩ ብርሃን እንድታዞርለት ጠየቃት። አልነካውም፤ ሲያለቅስ ብቻ ጎንበስ ብሎ አፉ ውስጥ አየ። ጉሮሮው ቀላ ብሏል እንጂ ያበጠ ነገር የለም አለ። ጭራውን በወረቀቱ ጠቀለለ። ጠላ ይቀርብልህ ቢሉት ውቂያ ላይ ነኝ ብሎ ወጣ። ደጁ ላይ ቆም አለ፤ ውድነሽን ሳያያት ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ሣህኑን መሀላቸው አድርገው ቀሩ። ውድነሽ ቁጣውን ጠበቀች። ስድቡን፣ ከዚያም ነገ ለባሏ የሚነገረውን። እሜቴ የሺሃረግ ግን ሣህኑን ብቻ ያያሉ።

“ኃይለመስቀልስ?” አሉ። “ለሱም ሰጥተሽው ነበር?”

“የለም፣ እሜቴ።”

“ምን ነበር ታዲያ ያሳለው?”

ውድነሽ ይህን ጥያቄ ለሦስት ዓመት ከራሷ ስትደብቅ ኖራለች። አሁን ግን መልሱ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየ ያህል ቀረበ።

“ጉንፋን” አለች። “ያን ሰሞን ቤቱ ሁሉ ጉንፋን ነበረበት። እርስዎም አሞዎት ነበር።”

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ሳይዙ ተነሥተው ሣህኑን አንስተው ወጡ፤ ውሃው ሲደፋ ተሰማ። ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም። ውድነሽ ልትወጣ አስባ ፈራች። ከምትፈራው ውስጥ አሁን ምን እንደቀረ ግን መለየት አልቻለችም። ልጁ ተርቦ ማልቀስ ጀመረ። ጡቷን ሰጠችው፤ ትንሽ ስቦ ለቀቀው፤ ባዶ ነበር።

እሜቴ የሺሃረግ ሲገቡ ፊታቸው ታጥቦ ነበር። ሣህኑንም አጥበውታል።

“የተረፈ አለ?”

ከጋኑ ኋላ ኮባ ቅጠል ውስጥ አንድ እፍኝ ተርፎ ነበር። ውድነሽ አመጣችው። አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ቀይ ያለበትን ለየች፤ አለቀለቀች፤ ዳመጠች። ማጥለያ ጨርቁን ስታወጣ አማቷ እጃቸውን ዘረጉ።

“እኔ እይዝልሻለሁ። አፍስሽው።”

ጨርቁን በአራት ማዕዘኑ ሣህኑ ላይ ወጠሩት። ጭማቂው ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ግራና ቀኝ እየዋለለ በጣቶቻቸው መካከል ሾለከ። ሲያልቅ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩ። ዘሩ ሁሉ ላዩ ላይ ቀርቷል። ደግመው ይጠለል አሉ። ደግመው አጠለሉት።

ማንም ልጁን አላንጋለለውም። ውድነሽ ጉልበቷ ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፣ ጣቷን ነክራ አቀረበችለት። አየው፤ እሷንም አየ፤ አፉን ከፈተ። እሜቴ የሺሃረግ ጎንበስ ብለው ከጉሮሮው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እስኪውጥ ድረስ ሁለቱም አልተነፈሱም።