የቁሰይ ኮከቦች

«ቁሰይ፣ ና ወደ ሰሌዳው!» አለች ሚስ ራኒም። «በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምንገበያይ ለእናቶቻችን አሳያቸው።»

የቁሰይ እናት ሱንዱስ የተቀመጠችው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወንበር ላይ ነው። ጉልበቶቿ ከጠረጴዛው ሥር ተሰንቅረዋል። አጠገቧ ያለችው አማቷ፣ የባሏ የዐውኒ እናት ኡሙ ዐውኒ ግን የመምህሯ ወንበር ተሰጥቷት ከሁሉም እናቶች ከፍ ብላ ተቀምጣለች።

ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ ጨርቅ፣ ልጆቹ በየቤታቸው እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት ድረ ገጽ ተከፍቷል። ቃላቱን እየተናገረች የምታስተምር አንዲት አረንጓዴ በቀቀን ክንፏን እያራገበች የተማሪዎቹን ስም ባገኙት ኮከብ ብዛት በተራ ታሳያለች። አንደኛ ቁሰይ ነው። የሁለተኛው ልጅ ኮከቦች የእሱን ሲሶ አያህሉም።

«ውጣ እንጂ፣ የኔ አንበሳ!» አለች ኡሙ ዐውኒ። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አባቱን ነው የወጣው። ዐውኒዬም ጭንቅላቱ ምላጭ ነበር፤ ከትምህርቱ የጭነት መኪና ሹፌርነት ወሰደብኝ እንጂ።»

ሚስ ራኒም የፕላስቲክ ፖም አንሥታ ስንት እንደሚፈልግ ቁሰይን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ልጁ ፖሙን አየ፤ ጫማውን አየ። ሱንዱስ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ጥርሷን ነከሰች።

«ሚስ፣ እሱ እኮ ቤት ሲገባ ኳስ ብቻ ነው የሚያውቀው!» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

ነገሩ የጀመረው በቁሰይ ትኩሳት ነው። ከጓደኞቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብላ ሱንዱስ በታብሌቱ ላይ አንድ ትምህርት ሠራችለት። ስትጨርስ በቀቀኗ ጨፈረችላት። ከስምንተኛ ክፍል ተወስዳ ከተዳረች ወዲህ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። በማግስቱ ልጁን ሸኝታ፣ ደረጃውን አጥባ፣ እንደገና ከፈተችው። ባሏ ታብሌቱን ሲገዛ «ይሄ የልጁ ነው፤ ሌላ እጅ እንዳይነካው» ብሎ ነበር። የሷ ስልክ ከተሰበረ በኋላ ሌላ አልተገዛላትም። የግቢው በር ቁልፍ አማቷ አንገት ላይ ነው። ይህ ከታወቀ ታብሌቱም ከፎቁ ወርዶ ታች በምትኖረው አማቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

ሚስ ራኒም ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ አለች። «ይገርማል። ትምህርቶቹ ሁሉ የተሠሩት ጠዋት ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ አንተ እዚህ ፊቴ ነህ። ማነው የሚሠራልህ ቁሰይ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከዋሸኸኝ ለክፍሉ ሁሉ እነግራለሁ፤ አታላይ ትባላለህ።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ አያቱን ሁሉ አየ፤ እናቱን ብቻ አላየም። ሱንዱስ ያን ጊዜ ገባት። ልጁ ያውቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል።

ስትነሣ ወንበሩ ቀሚሷን ይዞ አብሯት ተነሣ፤ ከዚያ ተንኳኩቶ ወደቀ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች።

«አንቺ ምን?» አለች ኡሙ ዐውኒ። «ቁጭ በይ፣ ሰው አታስቂብን።»

ሚስ ራኒም ግራ ተጋብታ ፖሙን እንደያዘች ዞረች፤ ስንት እንደምትፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ሱንዱስ፣ ሦስት ቀይ ፖም እንደምትፈልግ፣ እባክሽንም ሳትረሳ፣ በእንግሊዝኛ መለሰች። ድምፁ ግን የራሷ አልነበረም። ቀጭንና የሚንጫጫ፣ መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚዘል ነበር። እንግሊዝኛ መናገርን ከሌላ ጉሮሮ ተምራ አታውቅም።



«በቀቀኗ! በቀቀኗ ናት!» ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። «ሙዝስ? የቁሰይ እናት፣ ሙዝም ግዢ!»

እናቶቹም ሳቁ። ቁሰይ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ሳቀ። ያልሳቀችው ኡሙ ዐውኒ ብቻ ናት።

ሲወጡ ሚስ ራኒም በሩ ላይ ደረሰችባቸው። «ኡሙ ቁሰይ፣ የልጁን ኮከቦች አጥፍቼ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። ለእርስዎም በራስዎ ስም የመማሪያ ገጽ ብከፍትልዎስ?»

«የቤት ሥራ አለባት» አለች ኡሙ ዐውኒ፣ የሱንዱስን ክንድ ይዛ።

ኡሙ ዐውኒ እስከ ቤት ድረስ ክንዷን አልለቀቀችም። የግቢውን በር ከፍታ አስገባቻቸው፤ መልሳ ቆለፈችው።

«ታብሌቱን አሁኑኑ አውርጂው። ልጁ እዚህ፣ ዓይኔ ሥር ይማራል።»

«እሺ ኻልቲ» አለች ሱንዱስ፤ አማቷን «አክስቴ» የምትልበት ቃል ነው።

ሱንዱስ ወደ ላይ ወጣች። ታብሌቱ አልጋው ራስጌ ተሰክቶ ነበር። ነቀለችው። የቻርጀሩን ገመድ እጇ ላይ ጠቀለለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የምስሩን ጣሳ ከፈተች፤ ገመዱን ምስሩ ውስጥ ቀብራ ከደነችው። ታብሌቱን ይዛ ወረደች።

ኡሙ ዐውኒ ተቀብላ አገላበጠችው። «ቻርጀሩስ?»

«ላይ ነው ኻልቲ። እዚያው ይቀመጥ» አለች ሱንዱስ። ድምፁ የራሷ ነበር። «ታብሌቱ ሲርበው ወደ እኔ ይላኩት።»