የአያ እንዳለው እሳት

ፍሬሕይወት በቡሬ አካባቢ የደን ባለሙያ ከሆነች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ በጋ ብቻ ሦስተኛውን ሰደድ እሳት ከገበሬው ጋር በእርጥብ ቅጠል ስትመታ ሰንብታ፣ ዓይኗ እንደ ቀላ ከሽማግሌው ገበሬ ከአያ እንዳለው ደጅ ደረሰች።

አያ እንዳለው ዱሮ በጥቅምት፣ ሣሩ እርጥበቱ ሳይለቀው፣ ተራራውን በትንሽ በትንሹ እያቃጠሉ ለከብት ግጦሽ ያድሱት ነበር። ያንን ያስከለከለችው፣ አንዴም በሚሊሻ ያስያዘቻቸው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ሣሩ ዓመት ባመት እየተደራረበ፣ እሳት በተነሣ ቁጥር የሚመልሰው ጠፋ።

"አያ፣ ያን ጊዜ መከልከሌ ስሕተት ነበር" አለች ሳትቀመጥ። "እንዴት ያቃጥሉት እንደነበር ያሳዩኝ።"

ሽማግሌው ቂም አልያዙባትም። ምርኩዛቸውን አንሥተው ተራራው ወገብ ላይ አወጧትና ቁልቁል አመለከቷት። ዱሮ ከሣሩ ግርጌ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ባሕር ዛፍ ሆኗል።

"የኔ እሳት እርጥቡ ማሳ ጋ ሲደርስ ይተኛ ነበር፣ ልጄ። ይኼ ቅጠል ግን ዘይት ነው። ዛሬ ክብሪት ብትሰጭኝም እጄ አይደፍርም።"

ፍሬሕይወት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታውን መንገድ ላይ ስታዘጋጅ መጥታለች፤ ይህን ግን አላሰበችውም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሣሩን ማጨድ ነዋ።"

ተራራው በሁለት ሰው ማጭድ የሚያልቅ አልነበረም። እሷ ግን ሳትከራከር ተነሥታ ከሽማግሌው ቤት ማጭድ ተቀበለች። እስኪመሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ የአንድ ጎጆ ስፋት ያህል ሣርና ቅጠል ጠረጉ። በማግስቱ ሦስት ጎረቤቶች መጡ፤ ገና ብዙ ይቀር ነበር።