ሲሞቅ የሚሞተው ፍሪሲዮን

የአሰፋን ጋራዥ የሚያውቅ የአሰፋንም ኩራት ያውቃል። ጋራዡ ሐረር ውስጥ፣ ከፈላና በር ወጣ እንዳሉ፣ ከከተማው ግንብ ጥግ፣ በቆርቆሮ የተጋረደ ጠባብ ግቢ ነው፤ ሰውየው ግን ቤተ መንግሥት የገባ ይመስል በውስጡ ይንጎራደዳል። መኪና ሲመጣለት ሹፌሩን አያናግርም። «ሹፌር ይዋሻል፣ መኪና አትዋሽም» ባይ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣ ጣቱን ሰድዶ በሽታውን ካገኘ በኋላ ለባለቤቱ ያበስረዋል። ባለቤቱ ቀድሞ አፉን ከከፈተ በእጁ ዝም ያሰኘዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆንለት ሰውም ችሎት ይኖራል።

ያሬድ ያችን አፍንጫዋ ረዘም ያለ ሚኒባሱን ጠዋት ይዞለት መጣ። ከሐረር ድሬዳዋ እየጫነ እናቱን የሚጦር፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው።

«ጋሽ አሰፋ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ይነካል፤ ማርሽ አልገባ ይለኛል። በተለይ ሞተሩ ሲ...»

«ቆይ፤ እሷ ትንገረኝ» አለው አሰፋ። ያሬድም ከንፈሩን ገጠመ።

እሷ የነገረችው ይህን ነው፦ የፍሪሲዮኑ ላይኛው ፖምፓ ዘይት አያልብም፤ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጎን ያለው ታችኛው ፖምፓም ደረቅ ነው፤ ቱቦው የትም አልተሰነጠቀም። የሚያፈስ ነገር ከሌለ ደግሞ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። አሰፋ ያሬድን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ ከሥር ተጋደመና «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እያለ አየሩን አስወጣ። ጥቂት አረፋ ተፍ ተፍ አለ። ዘይቱ ቀጠን ያለ መስሎት ነበር፤ አርጅቶ ነው ብሎ አለፈው። ሲጨርሱ ፔዳሉ ጥብቅ ብሎ ተመለሰ። እስከዚያ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደነበር ልብም አላለ።

የአሰፋ ልጅ ልደት የዚያን ዕለት ድሬዳዋ ለሥራ ፈተና መሄድ ነበረባት። ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ስትነሣ አሰፋ «የምን መናኸሪያ! አሁን በእጄ የጠገንኳት መኪና እያለች!» ብሎ ከያሬድ ጎን ጋቢና አስቀመጣት። በሩንም የዘጋላት እሱ ነው። ያሬድ የቀሩትን ተሳፋሪዎች ጭኖ ወጣ፤ አሰፋም ያን ጠዋት በራሱ እጅግ ደስ ብሎት ዋለ ለማለት ይቻል ነበር፣ የያሬድ እናት እማማ ወለተሥላሴ ባይመጡ።

ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ባዶ የውሃ ሃይላንድ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ ሄደ?»

«ሄደ እማማ። መኪናዋም ድናለች።»

«ተመስገን! እኔማ ግራ ገብቶኝ ነበር። ያን ያህል ጠበል ጠጥታ እንዴት ትታመማለች?»

አሰፋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሣቀ። «ረጯት እንዴ?»

«ወንበሩንማ ረጨሁት። እሷን ግን አጠጣኋት። ያሬድ ሊያጥባት ከፊት ከፍቷት ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ነው። ያቺ ውሃ የምትጨምሩባት ነጭ ዕቃ የለችም? በመሪው በኩል ያለችው፣ ክዳኗ ጥቁር። ሆዷንም ይባርክላት ብዬ አፈሰስኩባት።»

ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «መቼ?»

«ያለፈው የመድኃኔ ዓለም ዕለት።»

ነጯ ዕቃ የውሃ አይደለችም፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ናት። በዚያች ሚኒባስ ደግሞ ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም የሚጠጡት ከዚያችው ከአንዲቱ ነው። ንጹሕ ዘይት ሙቀት ይችላል። ውሃ የገባበት ግን ሲግል ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እግር ሲጫነው ይጨማደዳል እንጂ ወዲያኛውን አይገፋም። ያሬድ «ሞተሩ ሲ...» ብሎ የቀረው «ሲሞቅ» ሊል ነበር። አሰፋ ይህን ሲረዳ ጨርቁን ጥሎ ስልኩን ፈለገ።

ፍሪሲዮኑስ ይሙት፤ ፍሪሲዮን ቢሞት መኪና ይቆማል። ፍሬኑ ነው ጉዱ። ከመድኃኔ ዓለም በኋላ የፍሬን ሸራ ሲቀይርላት አየር ያስወጣው፣ ያንን ውሃ እስከ ጎማዎቹ ድረስ የሳበው ራሱ አሰፋ ነው። ሜዳ ላይ ፍሬን ብዙ አይግልም። የደንገጎ ቁልቁለት ላይ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የሹፌር እግር ከፍሬን አይነሣም። ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከጎኑ ገደል ነው።

ያሬድ ጋ ደወለ። አይነሣም፤ እየነዳህ ስልክ እንዳታነሣ ብሎ የመከረውም እሱ ነው። ልደት ጋ ደወለ። ከጀርባው፣ ከመሣሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጀር ላይ የተረሳ ስልክ ጮኸ።

ከሶፊ ጫት በመኪናው የሚያመላልሰው ጃፈር ጎማ ሊያስነፋ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጃፈር! ደንገጎ አድርሰኝ! ልደት ያሬድ መኪና ውስጥ ናት፣ መኪናዋ ፍሬን የላትም!»

«ያ አላህ! ግባ አቦ፣ ቆመህ ምን ታወራለህ!»

የጫት መኪና ፍጥነት በሐረርጌ ሁሉ የተረገመ ነው፤ አሰፋም ከረጋሚዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ግን በመስኮቱ እጀታ ተንጠልጥሎ «ጨምር! ጨምር!» ይላል። አወዳይ ላይ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ቆዩ፤ ጃፈር ጡሩንባውን ተጭኖ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተሳደበ፣ እየለመነ፣ በእስር ጫት መካከል ሾልኮ ወጣ። አሰፋ መደወሉን አላቆመም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም እንዳይሆን ፈራ።

«ሲሞቅ» ሊል ነበር ያሬድ። አንዲት ቃል! እሷን ቢያስጨርሰው ምን ይጎድልበት ነበር? አየር ብቻ ቢሆን ሲሞቅ ሲሞቅ እየመረጠ እንደማይከዳ ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ያሬድ ግን በሽታውን አልደበቀም፣ ሐኪሙ ነው ጆሮውን የደፈነው። አሰፋ ይህን እያሰበ ጉልበቱን በቡጢ መታ።

ሐረማያ ላይ መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት «የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ከኋላዋ የተለጠፈባት ሚኒባስ? እዚህ ቆማ ገፏት፤ አሁን ሄደች» አለቻቸው። ፍሪሲዮኑ መሞት ጀምሯል ማለት ነው። አዴሌ ላይም አንዱ ልጅ «ቆማ ነበር፣ ተነሥታ ሄደች» አለ። ከዚያ በኋላ ጃፈር መናገሩን ትቶ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እየጸለየ መሆኑ ለአሰፋ ገባው። አሰፋም የሚጸልየውን ቢያጣ የልጁን ስም ደጋገመ።

ደንገጎ አናት ላይ፣ መንገዱ ወደ ታች ከሚደፋበት ጥግ፣ ሚኒባሷ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። አይደለም፣ ኮፈኑ እየተዘጋ ነው። ሞተሯ ይሠራል፤ ተሳፋሪዎቹ እየገቡ ነው፤ ልደት አንድ እግሯን ጋቢናው ላይ አድርጋለች።

«ውረጂ!» ጃፈር ገና ሳያቆም አሰፋ ዘለለ። «ሁላችሁም ውረዱ! ያሬድ፣ አጥፋው!»

ያሬድ ደንግጦ አጠፋ። «ተመለሰልኝ እኮ ጋሽ አሰፋ፤ ጥቂት ስታርፍ ፍሪሲዮኑ ይመለሳል።»

«ፍሬኗ ነው። ውሃ ገብቶበታል።»

«ፍሬኑማ ጥብቅ ነው! ይኸው ይርገጡት።»

እውነቱን ነው፤ ገና አልጋለም። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ «ሦስቴ አቁማን ገና አሁን ብትነሣልን ደግሞ አንተ መጣህ! ሥራ አለን እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ደገፉት። አሰፋ ከጃፈር የብሎን መፍቻ ተቀብሎ ከፊት ጎማው የፍሬን ዘይት በጠርሙስ ክዳን ቀዳ፤ ኮፈኑን መልሶ ከፈተ።

«ኑ እዩ። ዘይት ብቻ ከሆነ ይጨሳል እንጂ ድምፅ አይሰማም።»

ጠብታዋን በጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ጣላት። ጠብታዋ የጋለ ምጣድ ላይ እንደሚረጭ ውሃ ተንጫጫች፣ ዘለለች፣ እየተንጣጣች አለቀች። ሁለተኛ ጣለ፤ ያው ሆነ። ሲጮህ የነበረው ተሳፋሪ ወደ ቁልቁለቱ አየና ቀስ ብሎ ሻንጣውን ከመኪናዋ አወረደ።

አሰፋ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ልደት አጠገቡ ቁጭ ስትል ጭንቅላቷን ይዞ ሳማት፤ በሰው ፊት ስሟት አያውቅም።

«ማን ነው ግን ውሃ የጨመረባት?» አለ ያሬድ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድ የማላውቀው ጠላት አለኝ ማለት ነው።»

የአሰፋ ስልክ ጮኸ። እማማ ወለተሥላሴ ናቸው።

«አሰፋ?» ድምፃቸው አንሷል። «እንደዚያ ስትሮጥ ገባኝ። ከዚያች ዕቃ ነው አይደል? ልጄን... የሰውን ልጆች... እኔ ነኝ አይደል?»

ከአወዳይ ጀምሮ ያዘጋጀው ቁጣ ነበረው፤ በየኩርባው ሲስለው የመጣ፣ ጠበል ለሰው እንጂ ለብረት አይደለም የሚል። አፉን ከፈተ። ልደት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ውስጡ የገባውን ጠጠር እያራገፈች ነበር።

«ሁሉም ደህና ናቸው እማማ» አለ። «ፍሪሲዮኑ እየሞተ መንገድ ላይ ባያቆማቸው ኖሮ ቁልቁለቱን ጀምረውት ነበር። ባልደረስኩባቸውም ነበር።»

«እንግዲያስ» አሉ በፍርሃት፣ «ያቆማቸው ጠበሉ ነው?»

«አዎ እማማ» አለ አሰፋ። «ያቆማቸው ጠበሉ ነው። ሁለተኛ ግን እንዳያጠጧት።»

ስልኩን ሲዘጋ፣ ከእናቱ ጋር የተነጋገሩትን የሰማው ያሬድ ነጯን ዕቃ እያየ ነበር። ክዳኗን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ድሬዳዋ አዙሮ በክንዱ ሸፈነው፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ይሣቅ ወይም ያልቅስ አሰፋ ሊያውቅ አልፈለገም፤ ተነሥቶ ሄደና ክንዱን ጣል አደረገበት።