በቁንጅና ስንተኛ ወጣሁ?

ዘመነች ለቁንጅና ውድድር እንደምትመዘገብ ለባሏ የነገረችው እራት ላይ ነው። ፍቅሬ የጎረሰውን ዋጠና የምን ውድድር እንደሆነ ጠየቃት። የቁንጅና አለችው። እሺ ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ሳህኑ ሲነሳ ግን ትንሽ አሰበና ጫማ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀ።

ፍቅሬ ዘነበወርቅ ውስጥ ጫማ ሰሪ ነው። በተለይ እግራቸው ስሜት ለሌለው ሰዎች ይሰራል። ዘመነችንም ያወቃት ደንበኛው ሆና ነው። በልጅነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት አጎቷ ለሕክምና ከመራቤቴ ይዟት መጣ። ታከመች፣ ዳነች፣ እዚያው ሰፈር ቀረች። በሽታው ከለቀቃት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሲለቃት ግን የግራ እጇን ሁለት ጣቶች አሳጥሮ፣ የቀኝ እግሯን መርገጫ አደንዝዞ፣ ቅንድቧን ጠራርጎ ወስዶ ነው። ቅንድቡን በየማለዳው በጥቁር ኩል ትስለዋለች። ወደ ስድሳው እየተጠጋች ነው፤ ረጅም ናት፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ ቆንጆ እንደሆነችም ታውቃለች። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ማስታወቂያው የወጣት ማዕከሉ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ ለሆነ እናቶችና ኑሮ ላልተመቻቸላቸው ወጣቶች የተዘጋጀ የቁንጅና ውድድር ይላል። አዘጋጇ ኤልሻዳይ ትባላለች። ሳንሱሲ የውበት ሳሎን አላት፤ በቤተክርስቲያኗ ደግሞ የበጎ አድራጎት ክፍሉን ትመራለች። ልቧ ንጹሕ ነው፤ ይህን በኋላም ቢሆን ማንም አልካደም።

ዘመነች ልትመዘገብ ስትገባ ኤልሻዳይ የግራ እጇን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን በሁለት እጆቿ ይዛ፣ ታሪክዎ ብዙ ሰው ያንጻል አለቻት። ዘመነች ስለ ቁመቷ ትጠይቀኛለች ብላ ጠበቀች። አልጠየቀቻትም።

በውድድሩ ደንብ እያንዳንዷ እናት ከአንድ ወጣት ጋር ሆና ነው መድረክ ላይ የምትወጣው። ለዘመነች የደረሰቻት ኢሊሊ ነበረች። ኢሊሊ ቆሼ ፕላስቲክ ጠርሙስ እየለቀመች የምትሸጥ፣ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ኤልሻዳይ የቆሼ ቆሻሻ ተራራ የተናደ ጊዜ የሞተባት ሰው እንዳለ በለሆሳስ ጠየቀቻት። ኢሊሊ የለም አለች። የሩቅ ዘመድም ቢሆን? የለም። የምታውቂው ሰውስ?

ኢሊሊ አሰበች። «አንድ ጎረቤት ነበረን። ግን አንነጋገርም ነበር» አለች።

ልምምዱ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነበር። አረማመድ የሚለማመዱት ለጥቂት ጊዜ ነው። የቀረው ሰዓት ታሪክ ለመለማመድ ይሆናል። እያንዳንዷ ማይክ ይዛ ያሳለፈችውን መከራ ትናገራለች፤ ኤልሻዳይ ፊት ለፊት ተቀምጣ የት ጋ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፣ የት ጋ ቆም እንደሚባል ታሳያለች። ጉሊት የምትነግደው ሃጂራ በዚህ ማንም አልደረሰባትም። ባሏ ጥሏት የሄደበትን ቀን በተናገረች ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ታለቅሳለች፤ አዳራሹም አብሯት ያለቅሳል። ከአስኮ በኩል የምትመጣው ሌሊሴ ደግሞ ለኤልሻዳይ ከባድ ራስ ምታት ሆነች። ባሏ ደህና፣ ልጆቿ ደህና፣ ጤናዋ የተሟላ። ምንም ነገር ደርሶባት አያውቅ እንደሆነ በተጠየቀች ጊዜ አንዴ ቦርሳ ተሰርቃ እንደነበር፣ ኋላ ግን ሰዎቹ እንደመለሱላት ተናገረች።

የዘመነች ተራ ሲደርስ፣ «ታመምኩ፣ ታከምኩ፣ ዳንኩ» ብላ ማይኩን መለሰች።

ኤልሻዳይ በመካከሉ የተሰማዎት ነገር የለም ወይ አለቻት።

«ርቦኝ ነበር» አለች ዘመነች።

ልጇ ሆሳዕና ወሬውን ሰምታ በማግስቱ ከአየር ጤና መጣች። ሆሳዕና አስተማሪ ናት፤ ያገባችው ደህና ቤተሰብ ውስጥ ነው። በሠርጓ ቀን ለእናቷ ነጭ ጓንት የገዛችላት ራሷ ሆሳዕና ናት። የባሏ እናት ስለ በሽታው እስከ ዛሬ የሰሙት ነገር የለም። ሆሳዕና ሻይዋን ሳትነካ፣ መወዳደሩን ተወዳደሪ፣ ስለ በሽታው ግን እባክሽ አታውሪ አለች። ይህን ስትል ወደ እናቷ አላየችም።

«እኔ የምሄደው ለቁንጅና ነው» አለቻት ዘመነች። «ቁንጅና ላይ ስለ በሽታ የሚያወራ ማነው?»

ሆሳዕና ከሄደች በኋላ ዘመነች ጓንቱን ከሳጥን አውጥታ አየችው። ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። መልሳ ከተተችው። ፍቅሬ አጠገቧ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋ ነበር። ምን እንዳየች አልጠየቃትም፤ ተረከዙ ትንሽ ከፍ እንዲል ትፈልጊያለሽ ወይ ነው ያላት። ትንሽ አለችው።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስፖንሰሮቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚያይ ወጣት። ፍቅሬ ኮቱን ለብሶ ጥግ ላይ ቦታ ይዟል። ሆሳዕና አልመጣችም።

ከመድረኩ በስተጀርባ ኤልሻዳይ ጥጥና ዘይት ይዛ ወደ ዘመነች መጣች።

«እትዬ ዘመነች፣ ቅንድቡን እናጥፋው እንዴ?»

«ለምን?»

«ታሪክዎ በደንብ እንዲታይ ብዬ ነው።»

ዘመነች ጥጡን አየችው። «ለቁንጅና ውድድር ቅንድብ የሚያጠፋ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

ኤልሻዳይ ጥጡን እንደያዘች ሄዳ የሃጂራን ሻርፕ አስተካከለች። ኢሊሊ ይህን ሁሉ ቆማ ሰምታለች። ወደ ዘመነች ጠጋ ብላ፣ «ማዘር፣ እኔንም ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ በይ ብለውኛል» አለቻት። ትፈልጊያለሽ ወይ ስትላት፣ ደም እንደምትፈራ ነገረቻት።

ሃጂራ እንደ ልማዷ አለቀሰች፤ ከስፖንሰሮቹ አንዱ መሐረብ አወጣ። ሌሊሴ ስለ ቦርሳዋ ተናገረች፤ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲጠብቅ አመስግና ወረደች። ኢሊሊ ሕልሟ ሚኒባስ መንዳት እንደሆነ ተናገረች፤ ከኋላ የቆሙት ወጣቶች አፏጩላት።

ከዚያ አብራት የወጣችው ዘመነች ወደ ፊት መጣች። ፍቅሬ የሰራላት ጥቁር ጫማ ነው ያደረገችው። ጓንት የለም። አስተዋዋቂው እጇን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገና ያሳለፉትን መከራ እስቲ ያካፍሉን አላት።

ማይኩን ተቀበለች። ከፊት ያሉት ሁሉ እጇን እያዩ ነበር። የመጣሁት ይህን ለማሳየት ነው እንዴ ብላ አሰበች፤ ደግሞ መደበቅም አልፈለገችም። ሆሳዕና ትዝ አለቻት።

«በልጅነቴ ሥጋ ደዌ ይዞኝ ነበር። ታክሜ ድኛለሁ» አለች። «አሁን በዚህኛው በኩል ልዙርላችሁ።»

ማይኩን ለአስተዋዋቂው መልሳ ዞረች። እስከ መድረኩ ጫፍ ሄደች፣ ቆመች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ተመለሰች። ለማዘን ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር። የመጀመሪያው ጭብጨባ የመጣው ከጥግ ነው፤ ፍቅሬ ነበር። ከዚያ ሌላው ተከተለ።

ውጤት ሲነገር አንደኛ ሃጂራ ሆነች። ዘመነች ደግሞ ልዩ የጽናት ሽልማት ተሰጣት፤ በትከሻዋ ላይ «ጽናት» የሚል ሪባን አጠለቁላት። አመሰገነች። ከመድረኩ ግን አልወረደችም። ማይኩን ጠየቀችና ወደ ዳኞቹ ዞረች።

«በቁንጅና ስንተኛ ወጣሁ?»

ከዳኞቹ ዋናው ኢብራር የሚባል ጡረታ የወጣ የሥዕል አስተማሪ ነው። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ውድድሩ ጽናትን፣ ተስፋንና ታሪክን እንደሚመዝን፣ ቁንጅና የሚለው ቃል ሰፋ ባለ ትርጉሙ እንደተወሰደ አስረዳ።

«በጠባቡስ?» አለች ዘመነች።

ከኋላ ሳቅ ተነሳ፤ ቶሎም ቆመ፤ እሷ አልሳቀችምና። ኢብራር ለብቻው እንዳልተመዘነ አመነ። ዘመነች እንግዲያው ይመዘን አለች፤ ማስታወቂያው ላይ ቁንጅና ተብሎ ስለተጻፈ ነው የመጣችው፤ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ወንበር ስባ መድረኩ ላይ ተቀመጠች።

ኤልሻዳይ ከጎን በእጇ ምልክት ታሳያት ነበር። ያን ጊዜ ሃጂራ ዘውዷን ከሻርፗ ላይ አወለቀች።

«እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። «ወላሂ፣ ስላለቀስኩ ከሆነ የሰጣችሁኝ ቤቴም አለቅሳለሁ።»

ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ወንበር ወሰዱ። ዳኞቹ ተነጋገሩ፤ ስፖንሰሮቹ ስልካቸውን አዩ፤ ከሰዉ መሃል ግን አንድም የወጣ የለም። በመጨረሻ ኢብራር ተነሳና ሁሉም እንደገና እንዲራመዱ፣ በዚህኛው ዙር ማንም ምንም እንዳይናገር ጠየቀ። ሙዚቃ ተከፈተ። ተራመዱ። ቅድም የታዩት ሴቶች አሁን ሌላ ሆነው ታዩ። ሃጂራ ፊቷ ታጥቦ፣ ሳታለቅስ ስትሄድ ጉንጯ ላይ ስርጉድ እንዳላት ታወቀ። ዘመነች ከቅድሙ ይልቅ እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች። ዳኞቹ አሁን ፊቷን፣ ቁመቷን፣ አረማመዷን ነው የሚያዩት፤ እጇንም እንደ ማንኛዋም ሴት እጅ አይተው ያልፋሉ። የሚያዝን ዓይን ለምዳለች። የሚመዝን ዓይን እንዲህ እንደሚያስፈራ አታውቅም ነበር።

አንደኛ ሌሊሴ ወጣች። በሕይወቷ ይህ ነው የሚባል መከራ ያልደረሰባት ሌሊሴ ዘውዱ ሲደፋላት አለቀሰች። ሁለተኛዋ አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ሦስተኛዋ ሃጂራ ሆኑ።

«ወይዘሮ ዘመነች አራተኛ» አለ ኢብራር። እንደ መጸጸት ብሎ፣ ልዩነቱ ትንሽ እንደሆነ ጨመረ።

ዘመነች ተነስታ እጅ ነሳች። የጽናቱን ሪባን አውልቃ፣ በደንብ አጥፋ ለኤልሻዳይ መለሰችላት። ከልጆቹ ኢሊሊ ሁለተኛ ሆና ስለነበር ዘመነችን ጥምጥም ብላባት ልትጥላት ደረሰች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፍቅሬ፣ እሱ እንዳየው ሦስተኛ እንደነበረች ተናገረ። ዘመነች ዳኞቹ የሚያውቁትን ነው የሰሩት አለችው። ስለ አንደኛዋና ስለ ሁለተኛዋ ምንም ቅሬታ እንደሌላት፣ ሦስተኛዋ ላይ ብቻ ማታ እንደምታስብበት ነገረችው። ቤት ደርሰው መብራት ሲያበሩ ፊቷን በመስታወት አየች፤ ቅንድቡ ከላብ የተነሳ በአንድ በኩል ወርዷል። አልጠረገችውም፤ እንዳለ ተወችው።

ከአዳራሹ የተቀረጸ ቪዲዮ በማግስቱ በየስልኩ ተዳረሰ። «በጠባቡስ?» የሚለው የታክሲ ረዳቶች መቀለጃ ሆነ፤ ጠበቅ ብላችሁ ተቀመጡ ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ሆሳዕና ደውላ የባሏ እናት ቪዲዮውን ሦስቴ እንዳዩት ነገረቻት። ምን አሉ አለች ዘመነች። ሆሳዕና የሳቀች ወይም ያለቀሰች መሰለ።

«ሦስተኛዋ ሴትዮ ከዳኞቹ መሃል ዘመድ አላት ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች። «ስለ ሌላውስ ስላቸው፣ ድኛለሁ ብላለች አይደል እንዴ አሉ። ቅዳሜ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ።»

ኢሊሊ በኤልሻዳይ ሳሎን ሥራ ተሰጣት። ፀጉር መሥራት አልቻለችም እንጂ ከደንበኛ ጋር ማውራቱን ችላበት ነበር፤ ሆኖም ወር ሳይሞላት ወጣች። አሁን ጠርሙሱንም እየለቀመች መንጃ ፈቃድ ትማራለች።

ክረምቱ ሲገባ ኤልሻዳይ ራሷ ዘነበወርቅ ድረስ መጣች። ፊቷ ጭምትርትር ብሏል። ከስፖንሰሮቹ አንዱ፣ ልብ የሚነካ ዝግጅት ነበር የተባልኩት ብሎ ድጋፉን እንዳቋረጠ ነገረቻት። መጀመሪያ በዘመነች ተቀይማ እንደነበርም አልደበቀችም፤ ጸልያበት ነው የመጣችው። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ አነስ ብሎ፣ ታሪክ መናገሩ ቀርቶ፣ ለቁንጅና ብቻ እንዲሆን አስባለች። ይወዳደራሉ ወይ እንዳትል አፍራ፣ «እትዬ፣ ምን ይመስልዎታል?» አለች።

ዘመነች ሻይ ቀዳችላት።

«ሌሊሴ ትወዳደራለች?»

«አዎ፣ ተመዝግባለች።»

«እንግዲያው ለሁለተኛነት ነው የምዘጋጀው» አለች ዘመነች፤ ስኳሩንም ወደ ኤልሻዳይ አስጠጋችላት።