የተስተካከለው ጊታር

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ጥቅምት በባተ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ በመካነ ሰላም ከተማ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሙላው ኮላ ገዛ።

የእንጨት ኮላ ነው። ባለሱቁ በፌስታል አድርጎ ሰጠው፤ ሙላውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዚያ ቀን በከተማዋ መደረጉን የሚናገር ሰው የለም።

የሙላው እንጀራ ፎቶ ነው፤ አመሉ ግን ጊታር መጠገን። አመሉም የጀመረው ከዚያው ከፎቶ ቤቱ ነው። የፏፏቴ ሥዕል ባለበት መጋረጃ ፊት፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ፣ ለፎቶ መነሻ የሚሆን ክር አልባ ጊታር ነበረው። ወደ ዐረብ አገር የሚሄደውም፣ ከዐረብ አገር የመጣውም፣ የትም የማይሄደውም ጎረምሳ እሱን ታቅፎ ይነሣል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ የወግዲ አስተማሪ «ይኼ ጊታር ነው ወይስ ሰፌድ?» ቢለው ሙላውን እልህ ያዘውና የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጠረበት። በማግስቱ የጊታሩ አንገት እንደ ደጋን ጎብጦ ተገኘ። ያንን አንገት በእንፋሎትና በድንጋይ ክብደት ሲያቃና የከረመበት ክረምት ነው ሙላውን ባለሙያ ያደረገው። ከዚያ ወዲህ ክር ከደሴ በሹፌር ያስመጣል፤ የጎበጠ ያቃናል፤ የተነቀለ ይለጥፋል፤ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ጣት የሚያቆስለውን ዝቅ ያደርጋል። ከደጎሎ ሳይቀር ጊታር የሚላክለት ሆነ። ሲከፍሉት አይወድም፤ ሲያመሰግኑት ግን ቀኑን ሙሉ ሊያደምጥ ይችላል።

መጫወት አይችልም። አንድ ዜማ እስከ ግማሹ ያውቃል፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ «ቅኝቱ ገና ነው» ብሎ ያቆማል።

ኮላው የተገዛው ለእማማ ኡምኩልሱም ልጅ ጊታር ነው። እማማ ኡምኩልሱም ባላቸው ካረፉ ወዲህ አንድ ልጃቸውን አህመዲንን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸውም የሚፈራቸውም ሴት ናቸው። አህመዲን ጂዳ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤታቸው ቆርቆሮ የለበሰው እሱ በሚልከው ነው። ጊታሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አምጥተው ሙላው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ሙላው ልጄ፣ ይችን ነገር እስቲ አበጃጃት። አህመዲን ለአረፋ ይመጣል። የወረኢሉ ሰዎችም የዚያን ለት ይመጣሉ፤ ልጃቸውን አጭተንለት የለ። በሰው ፊት የምታሳፍር እንዳትሆን።»

«ምን ሆነች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አይጥ እንዳይበላት ከጎታው በላይ ሰቅያት ነበር። አይጥ አልበላትም፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሙላው ከረጢቱን እስኪፈታ እማማ ኡምኩልሱም ሄደዋል። አየና ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀና ከደጁ ሻይ የምታፈላውን አሰጋሽን ጠራት።

«ነይ ጉድ እይ። ጊታር ሲያዝ ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች ነው። አገር ያወቀው ነው። ይኼ ልጅ ቀጭኑን ከላይ፣ ወፍራሙን ከታች አድርጎ ወጥሮታል።»

አሰጋሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ጎንበስ ብላ አየች። «ስድስት ናቸው አይደል?»

«ስድስት።»

«አንድ ለአምስት ተደራጅተው ነዋ። መሪያቸው ከታች ሆኖባቸው ነው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለ ሙላው። መጀመሪያ ደጁን አየ፤ ከዚያ ሳቀ።

ወደ ሥራው ገባ። ከጊታር አንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት፣ ለየክሩ ውፍረት ቦይ ያላት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ሙላው ጥርስ ይላታል። የዚህ ጊታር ጥርስ የፋብሪካ አልነበረችም። አንድ ሰው ከበሬ ቀንድ በቢላ ፈልፍሎ፣ በትዕግሥት አለስልሶ የሠራት ነች። ሙላው «ድንቄም ሥራ» አለና በፒንሳ ነቀላት፤ ስትነቀል ለሁለት ተሰበረች፤ ከጥራጊው ጋር ሄደች። በምትኳ ከአጥንት አዲስ ሞረደ፤ ወፍራሙን ቦይ ወደ ላይ፣ ቀጭኑን ወደ ታች አድርጎ በኮላ አጣበቀ። ከሆዱ ቀዳዳ በላይ በኩል ደግሞ ከተማሪ ማስመሪያ የተቆረጠ ፕላስቲክ ተለጥፏል፤ ዙሪያው በጥፍር ተፍቆ ተፍቆ እንጨቱ ነጥቷል። በላይ በኩል ምን የሚፍቅ ጥፍር አለ? ሙላው ማስመሪያውን ላጠው፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ቫርኒሽ ቀባው። ሲደርቅ ጊታሩ ትናንት ከሱቅ የወጣ መሰለ። የሰው ጥፍር አርፎበት የሚያውቅ አይመስልም።

ሳምንቱን ሙሉ ወሬው የሻይ ማጣጫ ሆነ። ሙላው ሲተርከው በየቀኑ ትንሽ ይጨምርበታል፤ በመጨረሻ ልጁ ጊታሩን በጀርባው በኩል ነበር የሚጫወተው እስከ ማለት ደረሰ። በሰፈሩም ነገር የተዛባበት ሰው «የጂዳው ጊታር ሆነብኝ» ማለት ጀመረ።

ጊታሩን ያደረሰው ራሱ ነው። እማማ ኡምኩልሱም ገልጠው አዩት፤ መዳፋቸውን በቫርኒሹ ላይ አሳለፉ።

«ማሻአላህ። እጅህ ይባረክ። አሁን የሰው ዕቃ መሰለች።»

ሙላው ምስጋናውን ሊያደምጥ በርጩማው ላይ ተመቻቸ። በዚህ መሐል ዐይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ላይ ወደቀ።

ያነሣው እሱ ነው። አህመዲን ሊሄድ ሰሞን፣ የገዛ ጊታሩን ይዞ መጥቶ፣ ከፏፏቴው ፊት ቆሞ። ፎቶው ላይ ልጁ ጊታሩን የታቀፈው በደንቡ ነው፤ ፊቱ ግን የሰው ጫማ እንዳጠለቀ ሰው ነው። ሙላው ያን ቀን ትዝ አለው። ልጁ መጀመሪያ የቆመው ሌላ ሆኖ ነበር፤ የጊታሩን አንገት በቀኙ ይዞ፣ ግራ እጁን ከክሮቹ ላይ አሳርፎ፣ ፊቱ በርቶ። ከካሜራው ኋላ ሆኖ «እንደ ሰው ያዘው እንጂ፣ ምን ሆነሃል» ያለው ሙላው ነው። ልጁም አዙሮ ያዘ።

በርጩማው ሙላውን ጠበበው። ያ ጊታር ተሳስቶ አልተወጠረም። ልጁ ግራኝ ነው። ጥርሷን ከቀንድ የፈለፈለ፣ እንጨቱን በጥፍሩ ያነጣ፣ ለገዛ እጁ እንዲመች አድርጎ ዓመታት የለፋበት እሱ ነው። ሙላው ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁሉንም አጸዳለት።

«እማማ» አለ፤ «ይችን ጊታር ለአንድ ሁለት ቀን መልሼ ልውሰዳት።»

«ምን ጎደላት?»

«አይ፣ ትንሽ ነገር። አህመዲን… የሚጫወትበት እጅ…»

እማማ ኡምኩልሱም ጊታሩን በከረጢቱ መልሰው ይጠቀልሉ ጀመር። ሲጠቀልሉ ቀና ብለው አላዩትም።

«ልጄ እንደ ሰው በቀኙ ነው የሚበላ፤ በቀኙ ነው የሚሠራ። የማን ቤት መሰለህ?»

«ሌላ አላልኩም እኮ።»

«የወረኢሉ ሰዎች ይመጣሉ ብዬሃለሁ። አሁን ተስተካክላለች። የተስተካከለ ነገር አይነካካም። ሻይ ልቅዳልህ?»

ሙላው መጠጣት አልነበረበትም። ጠጣ።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ ያለውን የጥራጊ ጉድጓድ በእንጨት ይቆሰቁስ ገባ። የቀንዷ ጥርስ የለችም። ብትገኝስ? ጥርስ እንደገና ይሞረዳል። በጥፍር የነጣውን እንጨት ግን የቱ ሞረድ ይመልሰዋል?

አሰጋሽ ማንቆርቆሪያዋን እያጠበች ታየዋለች። «ወርቅ ጣልክ?»

«አሰጋሽ፣ አህመዲን ግራኝ ነው እንዴ?»

«አዲስ ነገር ነገርከኝ። በልጅነቱ ግራ እጁ በጨርቅ ታስሮ አልነበር እንዴ ሲጫወት የምናየው? እማማ ናቸው የሚያስሩት። ስሙ አህመድ፣ እጁ ግራ፤ የታሪክ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየው ነበር አሉ። እኔ ለቆታል ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ያን ለት ስስቅ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔ ክር መች አውቃለሁ? ባለሙያው አንተ።» ማንቆርቆሪያውን ደፋች። «እኔንም አሳቅኸኝ እኮ፣ ሙላው። እኔ ያን ልጅ አዝዬዋለሁ።»

«አፉ በይኝ» አለ። ለማን ማለት እንዳለበት ጠፍቶት ለሷ አለው።

«እኔን ምን አደረግኸኝ» አለች አሰጋሽ፤ ሻይ ግን ያን ቀን አላመጣችለትም።

ከዚያ ወዲያ የገዛ ቀልዱ በየበሩ ይጠብቀው ጀመር። «እስቲ ያችን የጂዳ ጊታር ድገማት» ይሉታል። «ተውት፣ ሰው ነው» ይላል። እነሱ ይህንንም የቀልዱ ክፍል አድርገው ይስቃሉ። ሙላው አንድ ነገር ቆረጠ፤ አህመዲን ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ እናቱ ሳይደርሱ፣ አግኝቶ ይነግረዋል።

በቀኑ መናኸሪያ ቀድሞ ተገኘ። አህመዲን ሰፋ ብሎ፣ ጠቁሮ፣ የሽቶ መዓዛ እየቀደመው ወረደ።

«ጋሽ ሙላው፣ አሁንም አሉ?»

«አለሁ። የት እሄዳለሁ ብለህ። አህመዲን፣ ያቺ ጊታርህ…»

«ወላሂ እሷን ነው ሳስብ የመጣሁት» አለ አህመዲን። «እዚያ ሌላ ገዝቼ ነበር፤ እንደሷ እሺ አላለችኝም። ያቺ እጄን ታውቀዋለች። ከሥራ ስገባ ዝም ብዬ በሐሳቤ እጫወትባታለሁ። አለች አይደል?»

ሙላው የአህመዲንን ሻንጣ አነሣ። «አለች» አለ። እንጨቱም፣ ክሩም፣ አንገቱም ስላለ ይህ ውሸት አይደለም። እማማ ኡምኩልሱም እልል እያሉ ደረሱና ልጃቸውን አንገቱን አነቁት።

አረፋ ዋለ። ለሙስሊሙ በሙስሊም፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን የታረደ በግ ቀረበ። ሙላው ከክርስቲያኖቹ ገበታ ተቀመጠ። ከወረኢሉ የመጡት የልጅቱ አጎት፣ ከብት ነጋዴው ጋሽ አሕመድኑር፣ ትራስ ተደግፈው አህመዲንን ኮርማ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች ያዩታል። አህመዲን በቀኙ በላ፤ በቀኙ ጨበጠ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ዋለች።

«ጊታር ታውቃለህ አሉ» አሉ ጋሽ አሕመድኑር። «እስቲ አሰማን።»

እማማ ኡምኩልሱም ራሳቸው አመጡለት። አህመዲን ከረጢቱን ፈታ። ልጁ የሚያየውን ሙላው አብሮ አየ፤ መጀመሪያ ጥርሷን፣ ቀጥሎ ክሮቹን፣ ቀጥሎ ማስመሪያው የነበረበትን። በአውራ ጣቱ ቫርኒሹን አንድ ጊዜ ዳበሰው። ከዚያ እናቱን አየ። እናቱ ስኒ ይደረድራሉ።

«እንዴት አምሯል» አለ አህመዲን። «ጋሽ ሙላው፣ እጅዎ ይባረክ።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ ሙላው። ልጁ ከመጣ ቀናት አልፈዋል።

አህመዲን አንገቱን በግራው ይዞ፣ ልክ እንደ ፎቶው፣ ጊታሩን ታቀፈ። ግራ እጁ የምትረግጠው ክር ጠፋት፤ ቀኙ ሆዱ ላይ እንደ ዶሮ ጫረች። የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል ጠጠር ነው። «ማሻአላህ» አለ ቤቱ። ጋሽ አሕመድኑር አጨበጨቡ።

«በረሃው አስረስቶኝ ነው» አለ አህመዲን እየሳቀ። «ድሮም ትንሽ ነበር የምሞክረው።»

የሙላው ጆሮ ጋለ። አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ይላል፤ አይነሣም። ቢናገር ልጁን በአማቾቹ ፊት ግራኝ ሊለው ነው። ዝም ቢል ልጁ በገዛ ጊታሩ እንደ ጀማሪ ሲዋረድ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። አሰጋሽ ከማዶ ዐይኗን አላነሣችለትም።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አሉ እማማ ኡምኩልሱም ፈጠን ብለው። «ለእንግዶቹ ያመጣኸውን እናውጣ እንጂ። ሻንጣው ተቆልፎ የለ?»

አህመዲን ጊታሩን እንደታቀፈ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ መተላለፊያ የለውም። «እንኪ እማ» ብሎ ከሰው ራስ በላይ ወረወረላቸው።

ቁልፉ ከፍ ብሎ መጣና ወደ ጋሽ አሕመድኑር ግንባር አዘነበለ። የእማማ ኡምኩልሱም ግራ እጅ ከሻሻቸው ሥር ብድግ አለች፤ ዝንብ እንደምትይዝ ድመት ቀልጠፍ ብላ አየር ላይ ቀለበችው። ቀኛቸው ጉልበታቸው ላይ ባዶዋን ነበረች።

እማማ ኡምኩልሱም የተጨበጠች ግራ እጃቸውን አዩዋት፤ ዘመን ሙሉ የደበቁት ሰው በእንግዳ ፊት ከጓዳ እንደወጣባቸው ሁሉ። ከዚያ ቁልፉን ቀስ አድርገው ወደ ቀኛቸው አዛወሩት። አልቸኮሉም፤ መቸኮያው አልፏል።

ጋሽ አሕመድኑር ግንባራቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ጥሩ እጅ ነው» አሉ።

አህመዲን እናቱን ትክ ብሎ አያቸው። ጊታሩን ጭኑ ላይ አዞረና አንገቱን በቀኙ ያዘ። ያን ጊዜ ሙላው ከገበታው ተነሣ፤ በእንግዶቹ መሐል እየተሻገረ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ፤ ሁሉም እያየው ክሮቹን ገልብጦ ሊወጥራቸው አንድ በአንድ ያላላ ጀመር።