የላማሩ እናቶች

ጀልባዋ የላማሩ መንደርን ዳርቻ ስትጠጋ ቮታውሲ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ እስከ ጉልበቷ በሚደርሰው ውሃ እየተራመደች ወደ አሸዋው ወጣች። ዳስ ሥር ተቀምጠው ለምንጣፍ የሚሆን ቅጠል የሚሰነጥቁ ሴቶች ቀና ብለው አዩአትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ዛሬም ዓሣ ልትሸጪልን መጣሽ ሲስተር?» አለች አንዲት አሮጊት ሳጥኑን እያየች። ሌሎቹ ሳቁ።

ሦስተኛ ጉዞዋ ነበር። በሁለቱ ጉዞዎች ስለ ኩፍኝ አስተምራ፣ ሥዕል ለጥፋ፣ ክትባቱን እንዳለ ይዛ ተመልሳለች። ከመንደሩ አርባ ሦስት ሕፃናት ቀድሞ የተከተቡት ሰባት ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ኩፍኙ ማዶ ያለው ደሴት ገብቷል። የሆስፒታሉ አለቃዋ «ግንዛቤ የላቸውም፤ ሄደሽ ደግመሽ አስተምሪያቸው» ብሏታል። እሷ ግን ላማሩዎች የጎደላቸው ግንዛቤ እንዳልሆነ ታውቃለች። አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ አምና የጎረቤታቸው የሌይማስ የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ ትኩሳት ይዟት ከጠዋት እስከ ማምሻ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ ውላ፣ እዚያው እናቷ ጭን ላይ ሞታለች።

ያን ዕለት በሩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ «ተራሽን ጠብቂ» ያለቻት ነርስ ቮታውሲ ነበረች። ይህን በላማሩ ከሌይማስ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌይማስ ደግሞ በሁለቱም ጉዞዎች ተራራው ላይ ካለው እርሻዋ አልወረደችም።

ቮታውሲ ሳጥኑን ለጀልባ ነጂው ለካልሳካው ሰጥታ የሌይማስ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀች። ሳቁ ቆመ።

ሌይማስ ማድቤቷ ደጃፍ ላይ ጎደሬ ትልጣለች። አጠገቧ የሁለት ወር ወንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ቮታውሲን ገና ስታያት ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ቮታውሲ ጀልባው ላይ ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ያን ቀን በሽተኛው ብዙ፣ ነርሶቹ ሁለት፣ ሐኪሙም እንዳልነበረ። ሁሉም እውነት ነው። የሴቲቱን ፊት ስታይ ግን እያንዳንዱ እውነት መደበቂያ ሆኖ ታያት።

«ሦስቴ ጠራሽኝ» አለች። «አንድም ጊዜ ልጅቷን ቀና ብዬ አላየኋትም። ትንፋሿን ብቆጥር ኖሮ አውቅ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሌይማስ መላጧን ቀጠለች። ከዚያ «የሞቷ ወረቀት ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ስትል ጠየቀች።

«ዘግይታ መጣች ተብሎ።»

«ማን ጻፈው?»

ቮታውሲ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እኔ። ባለፈው ወር እውነቱን ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አልወደደውም።»

«ከልጄ ወዲህስ ምን ተለወጠ?»

«ሕፃን የያዘች እናት ወረፋ አትጠብቅም። በሩ ላይ ነርስ ትንፋሹንና ሙቀቱን ትለካለች።»

«ሁልጊዜ?»

ቮታውሲ አዎ ለማለት ከንፈሯን አላቀቀች። አልቻለችም። «እኔ ተረኛ ስሆን ሁልጊዜ። ሌሎቹ አንዳንዴ ይረሱታል።»

ሌይማስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ልጇን ታቅፋ ተነሣችና ወደ ዳሱ መራቻት።

«ያልሽኝን ለነሱም ንገሪያቸው።»

ቮታውሲ ቆማ ነገረቻቸው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለውንም አልዘለለችም። የሳቀ አልነበረም። አንዷ ተነሥታ ሄደች፤ ዞራም አላየችም። አሮጊቷ ቅጠሏን ጭኗ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ አየቻትና ወደ ምራቷ ዞረች።

«ልጅሽን አምጪው» አለቻት። «ገመናዋን ያልደበቀች በመርፌዋም አታታልለንም።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ተከተቡ። ሌይማስ ልጇን ለአሮጊቷ ሰጥታ የሚወራጩትን እግሮች ስትይዝ፣ የሚያለቅሱትን ስታባብል ዋለች። የመጨረሻው ልጅ ሲሄድ ቮታውሲ ወደ ሌይማስ ልጅ እጇን ዘረጋች።

«የእሱስ ካርድ? ለኩፍኝ አልደረሰም፤ የሁለት ወሩን ክትባት ግን ልስጠው።»

ሌይማስ ልጇን ከአሮጊቷ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«የኔ እዚህ አይወጋም። ሆስፒታል አመጣዋለሁ።»

«መቼ?»

«አልነግርሽም። አንቺ የሌለሽበት ቀን ነው የምመጣው።»

ጀልባዋ ከዳርቻው ስትርቅ ካልሳካው «ጥሩ ዋልን ሲስተር» አላት። ቮታውሲ ግን ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ በሩ ላይ የሚቆሙትን፣ እንዳይረሱ አጥብቃ የምትነግራቸውን ባልደረቦቿን አንድ በአንድ፣ በስማቸው፣ በጣቷ እየቆጠረች ነበር።