የሁለት ቤት ቀብር

ስልኩ ሲጠራ መጋረጃ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሆቴል መጋረጃ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። የደወለችው የሆስፒታል ሠራተኛ ናት። «አባትሽ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል» ስትላት ቁጥር ተሳስታ ነው ብላ ልትዘጋ ምንም አልቀራት። አባቷ ጥሏቸው ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«ስልክ ቁጥርሽ ያለበትን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ነው ያገኘነው» አለች ሴትዮዋ። «ማቀዝቀዣችን ተበላሽቷል፣ አልዋሽሽም። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካላነሣችኋቸው ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ይቀብራቸዋል።»

አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ ቀጭን ወጣት አገኘች። ሐኪም መሰላት።

«ዶክተር፣ አባቴን ፈልጌ ነበር።»

«እኔም አባቴን ነው» አለ ወጣቱ። ያኔ ነው ጋወኑ ላይ የተበተነውን የተቆረጠ ፀጉር ያየችው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ወንበር ላይ ትቶት ሮጦ የመጣ።

ተያዩ። እሷ ስለሱ «የዚያችኛዋ ልጅ» ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ እሱ ደግሞ ስለነሷ «የፊተኞቹ» ሲባል። በዓይን ተያይተው ግን አያውቁም። ግንባሩ ቁርጥ የሷ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

«እናትህስ?» አለችው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ።

«ካረፈች አራት ዓመቷ።»

«እሱ የተወው ነገር አለ?»

«ጫማና ሬዲዮ።»

«በል እንግዲህ፣ ባለን እንቀብረዋለን።»

«ባለን አይሆንም!» አለ ድንገት። «ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። አባቱን እንደ ውሻ ጣለው ልባል ነው?»

«ታዲያ ሰፈሩ ያዋጣ።»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ሥራውን ተካፈሉ፤ እሷ የመቃብር ቦታውንና ወረቀቱን፣ እሱ ሣጥኑን። «ቀላሉን ያዝ» አለችው ስትነሣ። ራሱን ነቀነቀ። የነቀነቀው ግን ወደ ጎን ይሁን ወደ ታች ልብ አላለችም።

የመቃብር ቦታውን ከፍላ እናቷ ቤት ጎራ አለች። እናትየው ልብስ እየተኮሰች ነበር። ወሬውን ስትሰማ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አላነሣችም፤ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ልጅቷ ናት የነጠቀቻት።

«እኔ እሱን ድሮ ቀብሬዋለሁ» አለች እናት። «አንድን ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚቀብሩት?»

«ነገ አትመጪም ማለት ነው?»

«እግሬን ያመኛል።»

እግሯ ደህና ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ፀጉር አስተካካዩ ደወለ። ድምፁ ሞቅ ብሏል። «ሣጥኑን አገኘሁ፣ እህቴ። የሚያኮራ ሣጥን! ግማሹን ከፍያለሁ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«መጥተሽ ብታይው ትወጂዋለሽ።»

«ከየት አምጥተህ ነው የምልህ?»

«ወንበሬን ሸጥኩት። ማሽኑንም ጨምሬ። አጠገቤ ያለው ባለ ሱቅ ገዛኝ።»

«ሚስትህ እርጉዝ ናት አላልከኝም? መቼ ነው የምትወልደው?»

«በሚቀጥለው ወር።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው! እዚያው ጠብቀኝ። ሌላ ሳንቲም እንዳትከፍል።»

ሣጥን መሸጫው ውስጥ አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ሻጩ ድምፁ ቅቤ ነው፤ ገና ከመግባቷ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ፈጣሪ ያጽናሽ። ወንድምሽ ጨዋ ነው፣ አባቱን ያከበረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ቀሪውን ዛሬ ብትጨርሱልኝ …»

ሣጥኑ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ወርቃማ፣ እጀታው ወርቃማ፣ ውስጡ ነጭ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጨርቁን እያሳየችው።

«ሐር ነው። ከውጭ የመጣ።»

በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አሥራ አራት ዓመት በየቀኑ የቆረጠችው ጨርቅ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የሚገባ፣ ፀሐይ እንዲጋርድ እንጂ እንዲታይ ያልተሠራ ርካሽ ገበር። ጥግ ላይ ሳብ ስታደርገው ጨርቁን የያዙት የስቴፕለር ሽቦዎች ጠር ጠር እያሉ ተነቀሉ። ከሥሩ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጋግሮ የተሠራ ሰሌዳ ወጣ። እርጥበት ነክቶት አብጧል።

መዳፏን አሳርፋ ተጫነችው። ጠቅ አለ።

«እህት፣ እሱን አትንኪ!» አለ ሻጩ።

«ሬሳ ነው የሚገባበት። ትከሻ ላይ ሳለ ወለሉ ቢለቅስ?»

ተራ የሚጠብቁት ሦስቱም ዞሩ። ሽማግሌው መነጽሩን አወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። ፊቱ ደም መስሏል። «አታዋርጂኝ! እዚህ መጥተሽ አዛዥ የሆንሽው ማን ብሎሽ ነው? ሲታመም እኔ ነኝ ያስታመምኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የት ነበርሽ?»

«እሱ የተወኝ ቦታ» አለች።

ልጁ ክንዷን ለቀቀ። በሻጩ ፊት ማልቀስ ሞት መሰላትና ወደሱ ዞረች።

«ገንዘቡን ይመልሱለት።»

«የኛ ዕቃ አይመለስም። ደግሞ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሐዘንተኞች አሉ።»

«ለነሱም ብዬ ነው የምጮኸው። ገንዘቡ ሲመለስ ድምፄም ይመለሳል።»

ሽማግሌው ተነሥቶ አጠገቡ ያለውን ሌላ ባለ ወርቅ ጠርዝ ሣጥን ገበር በጣቱ መሞከር ጀመረ። ሻጩ ይህን ሲያይ ቅቤው ቀለጠ። ብሩን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ «ለድካም» ብሎ ትንሽ ቆርጦ፣ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከጓዳ ደግሞ ያልተቀባ፣ ወፍራም ጣውላ የሆነ ሣጥን አስወጡ። ዋጋው የዚያኛው ሩብ ነው። እሷ ጎኑን በቡጢ መታችው፤ ድም አለ።

ወንበሩን የገዛው ባለ ሱቅ ገንዘቡን ተቀብሎ ወንበሩን መለሰ። ማሽኑን ግን «ሽያጭ ሽያጭ ነው» ብሎ አስቀረው። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ ዞር ብሎም አላያትም።

ያን ዕለት ከሰዓት መጋረጃ ሰፊዋ ከምትሠራበት የመጋረጃ ፋብሪካ ቁርጥራጭ ውስጥ ነጭ ጥጥ መርጣ የሣጥኑን ገበር ሰፋች። አለቃዋ ሲያልፍ ቆም ብሎ አያት። «የማን ሥራ ነው?» አለ። «የአባቴ» አለችው። ይህን ቃል በአንድ ቀን ሁለቴ ካወጣችው ስንት ጊዜዋ! አለቃዋ ነገ መጋረጃ የሚያደርሰው መኪና ሣጥኑን እንዲያደርስ ፈቀደላት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስከሬን ክፍሉ ገቡ። ጠባቂው «እዚህ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የማስገባችሁ፣ ከዚያ በላይ እኔም አልችልም» አለ። አየሩ ከብዷል። የአባቷ ፊት የሦስት ሳምንት ጺም ለብሶ፣ አፉ ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር። ታስታውሰው ከነበረው ሰውዬ ግማሹን ያህላል። እጠላዋለሁ ስትል የኖረችው ሰው የት ሄደ? እዚህ ያለው የደከመው ሽማግሌ ብቻ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጭና ሳሙና አወጣ። ሁለቴ ሞክሮ ግን ምላጩን አስቀመጠው።

«አገጩ አልቆም አለኝ» አለ። «ትይዢልኛለሽ?»

ተጠግታ የአባቷን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። ምላጩ ጺሙን እየፋቀ በዝግታ ወረደ።

«ስለኔ ያወራ ነበር?» አለች፣ ዓይኗን ከምላጩ ሳታነሣ።

ልጁ ምላጩን ጠረገ። ሊዋሻት እንደፈለገ ታወቃት። «አንድም ቀን አላወራም» አለ በመጨረሻ። «ስልክ ቁጥርሽ እንዳለው ራሱ አላውቅም ነበር። ያገኙት ወረቀት ግን ያረጀ ነው፣ ታጥፎ ታጥፎ ተበጣጥሷል።»

አልተመቻትም፤ ቢዋሻት ደግሞ የባሰ ነበር። «ጉንጩ ላይ ቀርቷል» አለችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመቃብሩ በር ደረሱ። ከሰፈሩ የመጣው ሰው ከፀጉር አስተካካዩ እርጉዝ ሚስት ጋር ከአሥር አይበልጥም። ከነሱም ሣጥን የሚሸከም ጉልበት ያለው ሦስት ብቻ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ዙሪያውን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። መጋረጃ ሰፊዋ ጫማዋን አጥብቃ ከፊት በኩል ገባች፤ ከሥራ ቦታዋ የመጡ ሁለት ሴቶችም ከኋላ ያዙ። ጣውላው ከባድ ነበር፣ ትከሻዋን ቆረጣት። ግን አልተንቋቋም፤ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አንዴም አላወረዱትም።

አፈሩ ሲያልቅ ቀና ብላ አየች። እናቷ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላየም። ቀስ ብላ መጥታ የባሏን መቃብር ሳይሆን ፀጉር አስተካካዩን ከራስ እስከ እግሩ አየችው።

«የሱ ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ» አለ አቀርቅሮ። ስድብ ጠብቆ ነበር።

«ከትላንት ጀምሮ እህል ቀምሰሃል?»

ያን ጊዜ ነው በሁለቱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው፤ እጁን ፊቱ ላይ ጥሎ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ።

«ሚስትህንም ጥራትና ቤቴ ኑ» አለች እናትየው። «እርጉዝ ሴት ፀሐይ ላይ አታቆም።» ከዚያ መቃብሩን አንዴ እንኳ ሳታይ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።